ወንድሜን በአውሮፕላን ያስመጣሁበት ቂም

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ «ወንድሟን በአውሮፕላን አንደላቅቃ ወሰደችው» እያሉ እስካሁን ይመርቁኛል። ምርቃቱ አይገባኝም፤ ያደረግሁት ለቂሜ ነው።

እኔ የምኖረው ጅግጅጋ ነው። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ የአባታችንን መሬት ያርሳል። ድሮ አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር፤ አዲስ አበባ አድሮ፣ ድሬዳዋ አድሮ። ከዚያ ወዲህ በእሱ ሒሳብ ጅግጅጋ የሦስት ቀን መንገድ ሆና ቀረች።

አባባ ሲታመሙ ማንም አልነገረኝም። እኛ አገር ሩቅ ላለ ሰው ሕመም አይነገርም፤ መንገድ ላይ ክፉ እንዳያገኘው ይባላል። መርዶው የደረሰኝ ከቀብር በኋላ ነው።

ለአርባው ስሄድ አክስቴ ለብቻዬ ጠርተው ጉዱን ነገሩኝ።

«አባትሽ ሳምንቱን ሙሉ ሲጠሩሽ ሰነበቱ። ወንድምሽ ‹የሦስት ቀን ጎዳና ነው፣ አትደርስልዎትም› ቢላቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ዳግም አልጠሩሽም።»

ከጅግጅጋ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአየር አንድ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከባሕር ዳር ፍኖተ ሰላም ያለው የመኪና መንገድ ከሁለቱ በረራ ይበልጣል። ጠዋት ብነሳ ማታ አባቴ አልጋ አጠገብ ነበርሁ።

የነፍስ አባታችን ሆዴን አውቀውት ኖሮ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ መከሩኝ። እሺ አልኋቸው፤ ግን አልተውሁትም። ጋሼን ብሰድበው ሽማግሌ ተሰብስቦ ያስታርቀናል። ስለዚህ አፌን ዘግቼ ጊዜ ጠበቅሁ።

አጨዳ ሳይደርስ ናፍቀኸኛል ብዬ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጥሁለት። አዲስ አበባ ላይ ተቀብሎ የሚያሳፍረው ሰውም አዘጋጀሁ። ጎህ ሲቀድ ከቤቱ ወጥቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጅግጅጋ ጋቢውን እንደተከናነበ ወረደ። ቤት እስክንገባ ድረስ ስለ ደመናው እያወራ ይስቅ ነበር።

እራት ቀርቦ እጁን ሳስታጥበው ድንገት ቀና ብሎ አየኝ።

«ይኸው ነው እንዴ መንገዱ?»

«ይኸው ነው» አልሁት።

ገባው። ውሃው እጁ ላይ እየፈሰሰ ቆሞ ቀረ። እራቱን አልቀመሰም። እኔ ጥግብ ብዬ በላሁ።

የመመለሻ ቲኬቱን አልፈልግም አለ። ሁለት ቀን ሰንብቶ መናኸሪያ ሸኘሁት። ውሃና ሙዝ ገዝቼ በመስኮት ስሰጠው መሬት መሬት እያየ፣ «እህቴ፣ በአውቶቡስ ልሂድ። በዚህ እንኳ ለአባባ እንዳልሁት ሩቅ ነው» አለኝ። አላዘንሁለትም።

ከዚያ ወዲህ ይቅር በይኝ በሏት ብሎ ሽማግሌ ልኮብኛል። መልስ አልሰጠሁም። ያን ማታ ፊቱ እንዴት እንደጠቆረ ሳስታውስ ዛሬም ደስ ይለኛል፤ ደስታው ግን አይበረክትም። ሽማግሌዎቹ ከጋሼ ጋር ያስታርቁኝ ይሆናል። አባቴ ግን ልጄ ሩቅ ናት ብለው ነው የሞቱት።