አንጓ ሲያዝ

በየወሩ በሃያ አንድ እንጦጦ ወጥቼ ማርያምን እሳለም ነበር። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስቼ፣ በባሕር ዛፉ መሀል፣ ብቻዬን፣ ቀስ እያልኩ። አንድ ቀን ጠዋት አቀበቱ ላይ አንድ ጎረምሳ የእጄን አንጓ ጨምድዶ ይዞ ስልኬን ወሰደ። እኔም ሞኝ ነኝ፣ እጄን ወደ ኋላ ሳብኩ። ሲለቀኝ በጀርባዬ ወደቅሁ። ስልኩስ ይቅር፤ ዳሌዬ ሲሽር ፍርሃቱ አልሽር አለ። ለወራት መንገዱን ከታች ሆኜ እያየሁ ቀረሁ። "ከቤት ሆኖ መሳለምም መሳለም ነው" ይሉኛል። ለኔ ግን አልሆነልኝም።

ልጄ ከሥራ ስትወጣ ካራቴ ትማራለች። ኦኪናዋ ከሚባል የጃፓን ደሴት የመጣ ነው አሉ።

"አባዬ፣ አንድ ቀን ና እስኪ።"

"በዚህ ዕድሜዬ ልዝለል?"

"ማን ዝለል አለህ? ቆመህ ተማር።"

አስተማሪው ድምፁ ዝቅ ያለ ጎልማሳ ነው። ተማሪዎቹ ካታ የሚሉትን፣ በተራ የተደረደረ እንቅስቃሴ ሲሠሩ ጭፈራ ነበር የመሰለኝ። እሱ ግን መጥቶ አንጓዬን ያዘ።

"እጃቸው እዚያ ጋ የሚዞረው ለማማር አይደለም፣ አባቴ። ይሳቡ እስኪ።"

ሳብኩ። ንቅንቅ የለም።

"አሁን አይሳቡ። አንድ እርምጃ ወደኔ ይምጡና አውራ ጣቴ ባለበት በኩል ያዙሩት።"

አዞርኩ፤ እጄ ወጣ።

"ከዚያስ?" አልኩት።

"ከዚያማ ቤት መግባት ነው።"

ይቺን ወደድኳት። እየተመላለስኩ ተማርኩ። ቤት ውስጥም "ያዥኝ እስቲ" እያልኩ ልጄን አሰለቸኋት።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጓሮ ጎመን ስኮተኩት ጎረቤቴ፣ ባለሱቁ፣ መጣ። ሰላምታው የማያልቅ የደቡብ ሰው ነው። እጄ ጭቃ ስለነበር እንደ ወጉ አንጓዬን ዘረጋሁለት። እሱም ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ። የቀረውን እኔ አላሰብኩትም። እግሬ ገባ፣ እጄ ዞረ፣ ሰውየው ጎመኑ ላይ ተቀመጠ።

"ምን አደረግኩዎ፣ ጋሼ?"

"ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ሌባ መስለኸኝ ነው።"

"እኔ የሰረቅሁት ሚዛን ብቻ ነው፤ እሱንም ትቻለሁ!"

ለሰፈሩ ሁሉ አወራው። ከዚያ ወዲህ ሰዉ "ጋሼ፣ ከሩቅ ሰላም ነው!" እያለ ያልፈኝ ጀመር።

ለአስተማሪው ስነግረው አልሳቀም። "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ማስለቀቁን አስተማርኩዎ፣ መስማቱን ዘለልኩት። ዓይንዎን ይጨፍኑ።" ያዘኝ።

"ይሄ እጅ ምን ይፈልጋል?"

"ይጎትታል።"

"አሁንስ?"

"ዝም ብሎ ይዞኛል።"

"ታዲያ ምን ያጣላችኋል?"

ባለፈው ሃያ አንድ ወጣሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። የወደቅሁበት አቀበት ላይ ስደርስ እግሬ አዳለጠኝ፤ ወዲያው ከጎኔ አንድ እጅ አንጓዬን ጨምድዶ ያዘ። ልቤ ዘለለ። እግሬ ሊገባ ሲል ቆምኩና እጁን ሰማሁት። ወደ ላይ ነው የሚያነሳኝ። ዞር ስል ገመዷን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች፣ እንጨት ለመልቀም የምትወጣ ሴት ናት።

"ቀስ ይበሉ አባባ፣ ያዳልጣል። ምነው ቆሙ?"

"አቀበቱ ነው" አልኳት። በማርያም ቀን ዋሸሁ።

እሷም አልለቀቀችኝ፣ እኔም አላስለቀቅሁ። እንደተያያዝን ሜዳው ላይ ወጣን፤ የደብሩ ጣሪያ ታየኝ።