በቅሎዬ ከወንዝ፣ ኮርቻዬ ከደጅ

ከወንበራ መነሻ፣ ጎህ ሲቀድ

ዶሮ ሲጮህ ቦራን ጫንኳት። ቦራ በቅሎዬ ናት፤ ግንባሯ ነጭ፣ ልቧ ከኔ ልብ የባሰ ድንጉጥ። በአንድ ወገን ስልቻ በሶ፣ በሌላው ወገን ለአራስ የሚሆን ቅቤና ማር፣ ከኮርቻው ላይ እኔ።

የምሄደው አሶሳ ነው። ልጄ አስካለ እዚያ ናት። ባሏ ነጋዴ ነው፤ ቡና ይዞ ወደ ሱዳን ጠረፍ ወርዷል። እሷ የበኩር ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። እንቅልፍ የነሳኝ አንድ መንገደኛ ያመጣልኝ ወሬ ነው። «ልጅሽ ደህና ናት» አለኝ፤ «ቤቷ ግን ከገበያው መሀል ነው፣ አዋላጇ ያለችው ደግሞ ከገበያው ማዶ። የገበያ ቀን ያ መንገድ በከብት ይዘጋል። ዶሮም አታልፍበትም።»

ምጧ በገበያ ቀን ቢመጣስ? ይችኑ እያሰብኩ ወጣሁ። እናንተ ጎረቤቶቼ «እሷ? ጓሮዋ ጅብ ሲጮህ አልጋ ስር የምትገባው?» ብላችሁ እንደሳቃችሁ አውቃለሁ። ስቃችሁ ጨርሱ። ይኸው ሄጄ መጥቻለሁ፤ ያየሁትንም በዚችው በቆጠርኳት ፊደል እጽፍላችኋለሁ።

የተከተልኩት አያ ቢተውን ነው፤ በርበሬና ጨው በአህያ የሚያመላልሰውን የሰፈራችንን ሰው። ገና ከመንደሩ ሳንወጣ ዞሮ አየኝ።

«እመት፣ ከአሁኑ ዳዊቱን ጨረስሽው እኮ።»

«ዳዊት የት አውቄ። አቡነ ዘበሰማያትን ነው የምደጋግመው።»

«እንግዲያው ለአህዮቹም አንድ በይላቸው» ብሎ ጅራፉን አጮኸ።

አባይ ዳር

ቁልቁለቱ ጉልበት ይበላል። ደጋውን ለቀን ቆላው ሲቀበለን አየሩ ከምድጃ እንደሚወጣ ወላፈን ነው። ግራው ቀርከሃ፣ ቀኙ ቀርከሃ። የጉሙዝ ሴቶች ሸክማቸውን በትከሻቸው ዘንግ አንጠልጥለው ያልፉናል፤ ባንዱ ጫፍ ማሽላ፣ በሌላው ጫፍ ሕፃን፣ ሚዛኑ አይዛነፍም። ሕፃኑ ደግሞ ይስቃል።

አባይ ሰፊ ነው። ዝም ብሎ ይሄዳል፤ የሚያስፈራውም ዝምታው ነው። መሻገሪያው በልጥ የታሰረ የቀርከሃ ታንኳ ሆኖ አሻጋሪው አንድ ጥርሰ ፍንጭት የጉሙዝ ሽማግሌ ነው። ከብቶቹ በገመድ እየተሳቡ ከኋላ ይዋኛሉ።

«አባቴ፣ አዞ አለ?» አልኩት።

«አለ» አለኝ። «ብዙ።»

«ታዲያ?»

«እናት፣ አትፍራ። አዞ ጩኸት አይወድም። አንተ ጮኸ፣ አዞ ሄደ።»

እውነትም ከዳር እስከ ዳር ጮህኩ። ስንደርስ ሽማግሌው ለማሻገሪያ ከሰጠሁት የአሞሌ ስባሪ ግማሹን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «አዞ ያባረረ ሰው ሙሉ አይከፍል» አለ። አያ ቢተው ሆዱን ይዞ አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

ባምባሲ አጠገብ

ብዙ ቀን ከተጓዝን በኋላ መንገዱ እየሰፋ፣ ሰዉም እየበዛ መጣ። ከወለጋ ቡና የጫኑ አህዮች በረድፍ ይገባሉ። አቧራው ቀይ ነው፤ ቅንድብም ጢምም ቀይ። ጥላ ስር ያረፍንበት ቤት ባለቤት «ነጋ ቡልቴ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀብላን የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረበችልን። ባሚያው ይሟልጫል፤ ሁለተኛውን ጉርሻ ግን ሰው አልለመነኝም።

ስለ አሶሳ ገበያ ጠየቅኳት።

«እዚያ እንግዳ የሚታወቀው በከብቱ ነው» አለችኝ። «ከብቱ ከማን ደጅ ታሰረ? ሰውየው የዚያ ቤት እንግዳ ነው። ያን ከብት የፈታ እንግዳውን እንዳባረረ ይቆጠራል። ደም ያቃባል።»

«መንገዱስ?»

«መንገዱማ የማንም እንግዳ አይደለም» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

አሶሳ፣ የገበያው ቀን ረፋድ

የፈራሁት ደረሰ፤ የደረስነው በገበያው ቀን ነው።

ከመንደሩ በታች ካለው ወንዝ ዳር ቆሜ ሽቅብ አየሁት። ከቀርከሃ አጥሮቹ መሀል ያለችው አንዲት መንገድ ከብት ብቻ ናት። አህያ ከአህያ ተጣብቆ፣ የጥጥ እስር ከቡና ጆንያ ተደራርቦ፣ ከሁሉ በላይ የግመል አንገት። ግመል አይቼ አላውቅም ነበር። ቦራም አላየችም። ተያየን፤ ተግባባን።

«እኔ በቅሎዬን ከዚያ ውስጥ አላስርም» አልኩ።

«እኔም አህዮቼን አሳርፌ፣ ሰዉ ሲሳሳ እገባለሁ። ተያት፣ እጠብቅልሻለሁ» አለ አያ ቢተው።

አያ ቢተውን አምነዋለሁ፤ እንቅልፉን ግን አላምነውም። ኮርቻዋ እንዳይሰረቅ አወለቅሁና ቦራን ትቼ፣ እሱን ራሴ ላይ ደፍቼ ገባሁ። ቅቤና ማሩን በብብቴ ይዤ፣ በአህያ ሆድ ስር፣ በጆንያ ላይ፣ «ይቅርታ እናቴ፣ ይቅርታ አባቴ» እያልኩ። ይቅርታ ካልኳቸው ብዙዎቹ አህዮች ነበሩ።

አስካለ የበራፏን ምሰሶ ይዛ ቆማለች። ሆዷ ቀድሟት ነው ያየሁት።

«እማዬ! አንቺ? አባይን ተሻግረሽ?»

«ጮኼ ነው የተሻገርኩት» አልኳትና ኮርቻውን ከደጇ ካስማ ሰቅዬ አቀፍኳት።

የቤቱ ጌታ ሸህ ኢድሪስ የበርታ ነጋዴ ናቸው፤ ልጄና ባሏ በግቢያቸው ነው የተጠጉት። «አሰላሙ አለይኩም፣ እንግዳ መጣ!» እያሉ ወጥተው ዙሪያዬን አዩ።

«በቅሎ የት?»

«ወንዝ ዳር ነው ሸህ።»

ፊታቸው ወደቀ። «ወንዝ የማን ቤት ነው? ሰው ምን ይላል? ኢድሪስ ደጅ ነፈገ፣ እንግዳ ሜዳ አሰረ ይላል!»

«ግመሉን ፈርቼ ነው» አልኩ። ከደጃቸው ፊት ለፊት አንድ ግመል መንገዱን ቆርጦ ተንበርክኳል፤ ከሱዳን የመጣ የጀላባ ነጋዴ፣ የሳቸው እንግዳ ነው። ግመሉ ሰምቶኝ ይመስለኛል ከንፈሩን ገለበጠብኝ።

ያን ጊዜ አስካለ እጄን ጨመቀች። «እማዬ፣ ከማለዳ ጀምሮ ወገቤን እየቆረጠኝ ነው። አሁን ብሶበታል።»

እዚያው፣ ቀትር

የሸህ ሚስት ሐዋ አዋላጇን ልትጠራ ሮጠች። ሮጠች ማለት፣ ግመሉ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከግመሉ ኋላ አህያ፣ ከአህያው ኋላ የታሰረ ወይፈን፣ ከዚያ ወዲያ የሚታይ የለም። ተመልሳ ጮኸች፤ ጩኸቷን ጨው ሻጩ ተቀበለ፣ ከጨው ሻጩ ባለ ጥጧ፣ እንዲያ እየተቀባበሉት ከገበያው ማዶ ደረሰ። መልሱም በዚያው በአፍ ለአፍ መጣ፤ ጨው ሻጩ አደረሰልን፦

«አዋላጇ እንዲህ ይላል፣ ሾላው ስር ቆሜያለሁ፣ ክንፍ የለኝም!»

ሰው ሳቀ። አስካለ አቃሰተች። የሳቀው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠላት፤ ነገር ግን ማንም ገመድ አልነካም። ሸህ ኢድሪስ ላብ በላብ ሆነዋል። «የኔ እንግዳ ነው» ይላሉ፣ «እንዴት ልፍታው? እንዴት?»

እናንተዬ፣ ፍርሃት ጥግ ሲያጣ ሌላ ነገር ይሆናል። ዓይኔ ካስማው ላይ ካለው ኮርቻዬ አረፈ።

«ሸህ፣ እኔ የማን እንግዳ ነኝ?»

«የኔ ነው እንጂ!»

«በቅሎዬ ወንዝ ናት። ከደጅዎ ያለው ምኔ ነው?»

ኮርቻውን አዩት። እኔን አዩኝ። «ኮርቻ!» አሉ።

ወደ ግመሉ ሄድኩ። ግመሉ ከጉሮሮው የሆነ ነገር አንጎራጎረ። ዓይኔን ጨፍኜ የግመሉን ኮርቻ በሁለት እጄ ያዝኩና ለጀላባው እንዲህ አልኩት፦ «ወንድሜ፣ ይህን ስጠኝ። ከኔ ኮርቻ ጎን እሰቅለዋለሁ። ግመልህ ወንዝ ወርዶ ውሃ ይጠጣ። ኮርቻህ ከደጁ እስካለ አንተ ከዚህ ቤት አልወጣህም።»

ሸህ በአረብኛ አደረሱለት። ሰውየው ጢሙን እያሻሸ ካስማው ላይ ያለውን ኮርቻዬን አየ። ቀጥሎ የተናገረውን ሸህ እየሳቁ ነገሩኝ፦ «ወላሂ፣ ግመሌን የፈራ ብዙ አይቻለሁ፤ ዓይኑን ጨፍኖ የያዘው ግን አላየሁም!» ገመዱን በገዛ እጁ ፈታ፤ ኮርቻውንም ተሸክሞ ከኔው ጎን ሰቀለው።

ሸህ ኢድሪስ ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛቸው! ከዘራቸውን አንስተው ደጅ ለደጅ ሄዱ። «ኮርቻ ወደ ደጅ! ከብት ወደ ወንዝ!» እያንዳንዱ አባወራ የእንግዳውን ኮርቻ፣ የአህያውን ጭነት ማሰሪያና ግላስ ተቀብሎ ከራሱ ካስማ አንጠለጠለ። ያልተቀበለ እንዲያፍር፣ የተቀበለ እንዲኮራ ተደረገ። መንገዷ ታንቆ እንደተለቀቀ ጉሮሮ ተከፈተች።

በዚያች መንገድ አዋላጇ እየተንጎማለለች መጣች፤ አሮጊት ናት፣ ወፍራም ናት፣ ተቆጥታለች። አስካለን ዳሰሰችና ወደኔ ዞረች። «ልጁ ገና ነው። እኔ በከንቱ ሮጠ!»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ ተወለደች። እልል አልን። ከወንዝ በኩል አንድ ግመል መለሰልን።

አያ ቢተው ማምሻውን ብቅ ሲል ፀጉሩ ሣር ነው። «እመት» አለኝ፣ «አደራ ያልሽኝ ለአንዲት በቅሎ ነበር። ሸለብ አድርጎኝ ብነሳ የአገሩ ከብት ሁሉ ዙሪያዬን ቆሟል! ግመሉ ባርኔጣዬን በልቷል!»

የመመለሻው ማለዳ

ልጄ ሕፃኗን ክርስትና እስክታስነሳ ቆየሁ፤ ባሏም መጣ። በየገበያው ቀን ኮርቻው ከቀርከሃው አጥር ይሰቀላል፣ ሰው እየዞረ «ይህ የማን ነው? ያኛውስ?» እያለ ይጫወታል። አንዱማ ማንም ሳይጋብዘው ኮርቻውን ከሸህ ደጅ ሰቅሎ ምሳ ጠብቋል። አበሉት፤ ምን ያድርጉ።

ጎህ ሲቀድ ቦራን ከወንዝ አመጣሁ፤ በጀርባዋ ላይ ደበሎ አጥፌ ወጣሁባት።

«እናት! ኮርቻ ረሳህ!» አሉ ሸህ ከኋላዬ።

«አልረሳሁም።»

አስካለ ሕፃኗን ታቅፋ ኮርቻው ስር ቆማለች። አየችው፤ አየችኝ። ገባት፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

ከአያ ቢተው ጋር አባይ ስንደርስ ያ ጥርሰ ፍንጭት ሽማግሌ የቦራን ጀርባ ዳሰሰ። «ኮርቻ የት?»

«ልጄ ደጅ።»

አሰበበት። መቅዘፊያውን አነሳ።

«እንግዲህ አንተ ገና እዚያ ነው» አለኝ።

መሀል ወንዝ ስንደርስ ትንሽ ጮህኩ። ለአዞው ብዬ ነው።