ፒኑይ ወይስ ፒኑቅ

«ሊያቀማጥሉን ነው፤ እኔም ቤሰደር፣ እሺ፣ ብያቸዋለሁ» አሉኝ ዛሬ ጎረቤቴ እማማ ትርንጎ፣ ደረጃው ላይ።

አመንኳቸው። በሰፈራችን ክርያት ሐይም ውስጥ በሻገተ ሕንጻ ያረጀ ሰው መቀማጠል ሲያንሰው ነው።

ለካ ከአንድ ኮንትራክተር የመጣ ሰው የነገራቸው «ፒኑይ» ነው፤ ነዋሪውን አስወጥቶ፣ አፍርሶ መገንባት። እሳቸው የሰሙት «ፒኑቅ»፣ ማቀማጠል። በዕብራይስጥ ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት።

ነገርኳቸው።

«የልጅ ልጄ ትምህርትስ?»

«ሰፈሩ ሲያድግ ጥሩ ትምህርት ቤትም ይመጣል ይባላል፣ እማማ።»

«እኛስ ያኔ የት ነን?»

ስለ ከተሞች ዕድገት ያነበብኩትን ሁሉ ልዘረግፍላቸው ነበር፤ ደግነቱ ሳል ያዘኝ።

እናንተ ሰፈርስ ዕድገት ምን ተብሎ መጣ? እስቲ ጻፉ።

አዲሱ ቤት የሚሰጠው ለባለቤቶች ነው። እማማ ትርንጎ ተከራይ ናቸው።