ከዝይ የሸሸው የቤት ቁጥር

እማማ ቻይ-ፌንግን በደንብ አውቃቸዋለሁ ማለት አልችልም። እዚህ ደቡብ ታይዋን ዐሥራ ሁለት ዓመት ጎረቤታቸው ሆኜ ያወራነው ስለ ዝናብና በጓሯቸው ስላለው ዘይቱን ብቻ ነው። አምና ግን ማመልከቻ ጻፍልኝ ብለው መጡ።

«በዚህ ሰፈር የተማረና ሥራ የሌለው አንተ ብቻ ነህ» አሉኝ።

ሥራ አለኝ ለማለት አልደፈርኩም።

ጉዳዩ የማዙ የዕጣን ጽና ነበር። በመንደራችን በየዓመቱ የሴት አምላካችንን የማዙን ጽና ቤቱ አስቀምጦ የሚያገለግል አንድ አባወራ ወይም አንዲት እማወራ ይመረጣል። ስም ይጠራል፤ የተጠራው ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ሁለት እንጨቶች ይጥላል። አንዱ በሆዱ፣ ሌላው በጀርባው ከወደቀ ማዙ እሺ አለች ማለት ነው። እሺ እስካለችው ድረስ መልሶ ይጥላል፤ እሺታው የበዛለት ጽናውን ይወስዳል። የሚጠሩት ግን በወረዳችን፣ በታች ኩሬ መዝገብ የሰፈሩ ቤቶች ብቻ ናቸው። እማማ ቻይ-ፌንግ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከሙሽርነታቸው ጀምሮ እዚሁ ኖረዋል፤ ስማቸው ግን አንድም ቀን ተጠርቶ አያውቅም። በመዝገቡ ቤታቸው ያለው በጎረቤቱ ወረዳ፣ በላይ ኩሬ ነው።

ጥፋቱ የዝይ ነው። ጃፓኖች አገሩን በገዙበት ጊዜ የቤተሰብ መዝገቡን የሚይዘው ፖሊስ ነበር፤ ፖሊሱ ደግሞ ጎራዴ ስለታጠቀ ዝይ አይፈራም። ጃፓኖቹ ከሄዱ ከዓመታት በኋላ፣ እማማ ሙሽራ ሳሉ፣ መዶሻና አንድ ቅርጫት የቤት ቁጥር ሰሌዳ የያዘ ጸሐፊ ተላከ። የእማማ ቤት የቆመው በሁለቱ ወረዳዎች ድንበር ላይ ነው፤ የፊት በሩ ወደ መንደራችን፣ የኋላው ወደ ላይ ኩሬ ይከፈታል። በፊት በር ዝይ ነበረች። ጸሐፊው ሱሪው ከተነከሰ በኋላ ዞሮ ሰሌዳውን የኋላ በር ላይ መታው። ሟቹ ባላቸው ጂን-ፋ ደግሞ ሕግ አክባሪ ነበርና፣ መንግሥት ኋላውን ፊት ካለ ፊት ነው ብሎ የሞቱ አያቶቹ ስም የተጻፈበትን መሠዊያ ወደዚያ አዞረው። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ እንግዳ በፊት በር ገብቶ ሰላም የሚለው የአያቶቹን ጀርባ ነው። ወረዳዎቹ ወደ ከተማው ሲጠቃለሉ ማኅተማቸው ተቀየረ፤ ሰሌዳው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ማመልከቻውን ይዘን የምዝገባ ቢሮ ሄድን። ወይዘሪት ዮው የምትባል ጸሐፊ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እማማ፣ ዋናው በርዎ የቱ ነው?»

«ዝይዋ የነበረችበት።»

«ዝይዋ አሁን የት አለች?»

«በላናት እኮ። አንቺ ያኔ አልተወለድሽም።»

ወይዘሪት ዮው ጽሑፌ ላይ አንድ ነገር አሰመረች፤ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አፈርኩ። «ሐሙስ መጥቼ አያለሁ» አለች። «መመሪያው ላይ ባይኖርም፣ እኔ የማየው መሠዊያውን ነው። አያቶች የሚያዩት በር እሱ ዋናው በር ነው።»

መሠዊያ ደግሞ ዝም ብሎ አይዞርም። አያቶች በእነዚያው እንጨቶች ሦስት ጊዜ በተከታታይ እሺ ማለት አለባቸው። ረቡዕ ጧት እኔና የዓሣ ሾርባ ሻጩ ጋሽ ኮንግ-ዌይ ለሸክም ተጠራን።

እማማ ጣሉ። ሁለቱም በጀርባቸው ተንጋለሉ፤ ይህ ሳቅ ይባላል።

«እየሳቁብሽ ነው» አሉ ጋሽ ኮንግ-ዌይ።

«ጂን-ፋ ነው። በሕይወቱም ሥራ ሲባል ይስቅ ነበር።»

እንደገና ጣሉ። ሁለቱም በሆዳቸው ተደፉ፤ እምቢ ነው።

«ጂን-ፋ፣ ነገ የመንግሥት ሰው ትመጣለች» አሉ ወደ መሠዊያው ጠጋ ብለው። «መንግሥት ትፈራ የለ?»

አሁንም እምቢ።

«ሴትዮ፣ ሾርባዬ እያረረ ነው» አሉ ጋሽ ኮንግ-ዌይ።

«ያንተ ሾርባ መቼ አርሮ ያውቃል? ውሃ እኮ ነው። በሉ ውጡ፤ ይሄ የባልና ሚስት ጉዳይ ነው።»

በሩን ዘጉብን። ደጃፉ ላይ ተቀምጠን እንጨቶቹ መሬት ሲመቱ እንሰማ ነበር፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ሠላሳ ከደረሰ በኋላ መቁጠሬን ተውኩ። ቀትር ላይ ፀጥ አለና በሩ ተከፈተ።

«ግቡ፣ ተሸከሙ። ፈቅደዋል።»

ሐሙስ ወይዘሪት ዮው መጥታ መሠዊያውን አየች፤ ወለሉ ላይ የቀረውን የስልሳ ዓመት የእግሩን ምልክትም አየች። ከዚያ መዶሻ ተውሳ ሰሌዳውን የፊት በሩ ላይ መታችው።

በማዙ በዓል ለመጀመሪያ ጊዜ ስማቸው ተጠራ። ቻይ-ፌንግ፣ የታች ኩሬ እማወራ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ጣሉ፤ ሁለቱም እንጨቶች በጀርባቸው ተንጋለሉ። ጽናውን ጋሽ ኮንግ-ዌይ ወሰዱ።

«ያሳዝናል» አልኳቸው ወደ ቤት ስንመለስ።

«ለምን? ማዙ ስሜን አውቃ ነው የሳቀችብኝ። ከርሞ ደግሞ እጥላለሁ።»

በፊት በር ገባን፤ አያቶቹ ፊት ለፊት አዩን። እማማ ዘይቱን ቆርጠው አቀረቡልኝ። ድፍረት መጣልኝና ጠየቅኩ።

«እማማ፣ ያን ረቡዕ በሩን ዘግተው… አያቶቹ እውነት ሦስት ጊዜ በተከታታይ እሺ ብለዋል?»

እማማ ቻይ-ፌንግ መሠዊያው ላይ የጂን-ፋን ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ብላ፣ ልጄ» አሉኝ።