ምንጭ የሌላት መስመር

አንዲት መስመር ናት። አራት ጊዜ ጻፍኳት፣ አራት ጊዜ ሰረዟት። ኢንተርኔት ላይ ባለው የዕብራይስጥ ኢንሳይክሎፔዲያ፣ ስለ አንድ የምርጫ እጩ በሚያወራው ገጽ ላይ፣ «በሕንጻችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ለኢትዮጵያውያን ቤት አትሽጡ ብሏል» ብዬ ነው የጻፍኩት። ስብሰባው ላይ ነበርኩ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሚሰርዙት ግን ሁልጊዜ «ገለልተኛ አይደለም፣ ምንጭ የለውም» ይላሉ። ገለል በሉ የተባልነው እኛ፣ ገለልተኛ ያልሆንነውም እኛው።

ባለፈው ሳምንት እዚህ እስራኤል ውስጥ ከገዴራ ወደ ያቭኔ በአውቶቡስ ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ላፕቶፗን ከፈተች። ዓይኔን ጣል ባደርግ ያቺው የእኔ መስመር ናት። እያየሁ ሰረዘቻት።

ደሜ ፈላ። ቀና ብዬ ፊቷን ሳይ ደግሞ የእኛው ልጅ ናት።

«ለምን ትሰርዣለሽ?» አልኳት በአማርኛ።

«ሥራዬ ነው እትዬ፣ እጩው ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው» አለች፣ ምንም ሳትደነግጥ። «ምንጭ ከሌለው ይጠፋል፣ ቤሰደር?» በዕብራይስጥ «እሺ?» ማለቷ ነው።

ምንጭ መጠየቅማ እኛም እናውቅበታለን። «የማን ልጅ ነሽ?» አልኳት።

የእናቷን ስም ስትነግረኝ አወቅኳት። በስብሰባው ቀን በሕንጻችን ቤት ልትገዛ መጥታ፣ ያን ንግግር ሰምታ፣ ከጎኔ ተቀምጣ ያለቀሰችው ሴት ናት።

«ልጄ፣ ሰውዬው እናትሽን እኮ ነው አትግቢ ያላት» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ ነግራኛለች» አለችና ላፕቶፗን ዘጋች። «ግን እትዬ፣ እናት ምንጭ አትሆንም።»