የቀውስ ቡድን አለቃ

ከመንዝ የወጣን ሌሊት የተሳፈርነው በግ በጫነ አይሱዙ ላይ ነበር። ስደት ማለት ባሕር መሻገር ብቻ የሚመስላችሁ ሰዎች፣ እስቲ አንድ ሌሊት ከበግ ጋር ተጭናችሁ የጣርማበርን ብርድ ቅመሱና እንነጋገር። ሾፌሩ ጋቢና ቦታ የለም አለ። ቦታስ ነበረ፤ ልጄን ሲያያት ነው የጠፋው።

ልጄ ትርሲት ያኔ ሃያ ሊሞላት ነው። እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች፤ የሌለ ሰው ያናግራታል፣ እሷም ጨዋ ልጅ ናትና መልስ አታሳጣውም። የመንደሩ ሰው ግማሹ አስረሽ ጸበል አስቀምጫት ይለኛል፣ ግማሹ ደግሞ ዳሪያት ይለኛል፤ ባል መድኃኒት ይመስል! እኔ ባል ነበረኝ፤ ነፍሱን ይማረውና ከምንም አልፈወሰኝም። ወንድሜ የሻው ብቻ «አዲስ አበባ የዚህ ሐኪም አለ፣ ሂጂ» ብሎ የበግ ጠጉር ዝተቱን ከራሱ ላይ ገፎ አለበሰን። ሰው ሳያየን በጨለማ ወጣን።

ልጄ መንገዱን ሙሉ በጎቹን «አይዟችሁ፣ አይዟችሁ» ስትል አደረች። የበግ ነጋዴው ከማዶ ሆኖ፣

«እናት፣ የት እንደምንወስዳቸው አልነገርሻትም እንዴ?» አለኝ።

«እኔንስ የት እንደምትወስደኝ ማን ነገረኝ?» አልኩት። ሳቀና ከዳቦው ቆርሶ ሰጠን።

አቃቂ የወረድነው የሻው የሚያውቀው ሰው እዚያ አለ ተብሎ ነው። ሰውየው ስልኩን አላነሳም፤ እስካሁንም አላነሳም።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ስለ አቃቂ ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ አጥንት የሚሰብረውን ኅዳር እዚህ ሰው በካናቴራ ነው የሚወጣው። የሻው ዝተት አልጋ ሥር ተጣጥፎ ብል ይበላዋል። የገብስ ቆሎ በፌስታል ተቋጥሮ ሱቅ ይሸጣል፤ መቼ እንደተቆላ እግዜር ይወቀው፣ ሲያኝኩት ካርቶን ካርቶን ይላል። ጎረቤት የብረት በሩን ከርችሞ ይኖራል፤ እንደምን አደርክ ስትሉት ኪሱን ይዳብሳል።

ቤት ያገኘሁት ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አከራዬ እትዬ ዘነበች፣ ከቤታቸው አንዷን ክፍል ሊሰጡኝ እንደ መርማሪ ፖሊስ አፋጠጡኝ።

«ባል አለሽ?»

«ሞቷል።»

«ጥሩ። የኤሌክትሪክ ምድጃስ?»

«የለኝም።»

«ጥሩ። ልጅሽ ምን ትሠራለች?»

«ታስባለች።»

«ምን ታስባለች?»

«እሱን ብናውቅ እዚህ ድረስ አንመጣም ነበር።»

ትንሽ አዩኝና «እንግዲህ ማሰብ ውሃ አያስፈጅም» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

ልጄ እዚያው አቃቂ ክሊኒክ ታይታ መድኃኒት ጀመረች። እንቅልፍ መጣላት፤ ቆይታም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባች። እኔ ደግሞ ክሊኒኩ አጠገብ ቢሮ የከፈተ አንድ ማኅበር ዘንድ ጽዳት ተቀጠርኩ። በሩ ላይ «የአእምሮ ጤና ቀውስ ምላሽ ሰጪ ቡድን» ይላል። ይህን የጻፈው የተማረ ሰው ነው፤ ቀውስ ሲል የከበደ ችግር ማለቱ ነው አሉ። የአቃቂ ሰው ግን የሚያውቀው ቀውስ አንድ ነው፦ ያበደውን። ስለዚህ እስከ ሳሪስ አቦ ድረስ «የቀውስ ቡድን» ሆነን ቀረን። ሰው ይደውልና «ቀውሶች ናችሁ?» ይለናል። «አዎ፣ ምን እንርዳዎት?» እንላለን። ሌላ ምን ይባላል?

ሥራው እንዲህ ነው። የአንድ ቤት ሰው ሕመሙ ተነሥቶበት ዕቃ ሲሰብር ወይም በር ዘግቶ እምቢ ሲል፣ ፖሊስ በዱላ ከሚመጣ የኛ ሰዎች ሄደው ያነጋግሩታል፤ ከፈቀደም ሐኪም ዘንድ ይወስዱታል። አለቃቸው የነበረው ልጅ ለሥልጠና ውጭ አገር ሄደና በዚያው ቀረ። ከዚያ እኔን ስደተኛ ይሉኛል! ወንበሩ ባዶ ከሚሆን፣ ስልክ ማንሳቱንም ለምዳዋለች ተባለና «እትዬ አስካለ ለጊዜው ሱፐርቫይዘር ይሁኑ» አሉኝ። ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ያ «ለጊዜው» እስካሁን አላለቀም።

የማዛቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። ሲስተር መሠረት ነርሷ ናት፤ ሥራውን የምታውቀው እሷ ናት፣ እኔንም ያስተማረችኝ እሷ። ቶሎሳ የባጃጃችን ሾፌር ነው፤ የዚሁ የገላን ገበሬ ልጅ። አባቱ ያርሱት የነበረው መሬት ላይ ነው ኮንዶሚኒየሙ የቆመው። «ድሮ እዚህ ጤፍ ይበቅል ነበር፣ አሁን ተከራይ ይበቅላል» ይለኛል።

ሱፐርቫይዝ ማድረግ ማለት ስልክ ማንሳት፣ ቤቱ ውስጥ ስለት አለ ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ሰዎቹን መላክ፣ ከዚያ ሲመለሱ ያዩትን ሁሉ ቁጭ ብሎ መስማት ነው። የሚከብደኝ የመጨረሻው ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው እፈራለሁ። ሥጋ ቤት ተቀጥሮ ደም የሚፈራ ሰው ማለት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ስልኩ ጮኸ። እኔ ስልክ ላይ መንዜነቴ እንዳይታወቅ ከንፈሬን ሰብስቤ እንደ ሬዲዮ ነው የማወራው።

«ሄሎ፣ የቀውስ ቡድን?»

ከሄሎዋ ነው ያወቅኋቸው፤ እትዬ ዘነበች ናቸው።

«አዎ፣ ምን እንርዳዎት?»

«የተከራዬ ልጅ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆልፋለች። ውሃውን ለቃዋለች፣ ሦስተኛ ፎቅ እየዘነበ ነው! አትንኩኝ እያለች ትጮኻለች።»

እግሬ ጫማውን ፍለጋ ጠረጴዛው ሥር ገባ። አፌ ግን ለምዶት ብቻውን ሥራውን ቀጠለ።

«እዚያ ውስጥ ምላጭ፣ ስለት ነገር አለ?»

«ምላጭ ከባሌ ጋር አብሮ ተቀብሯል። ኧረ ቶሎ በሉ!»

«እናትየዋ የት ናት?» ይህን መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ምን ላድርግ?

«ሥራ ናት፣ ቢሮ ነው የምውለው ትላለች። ደህና ሴት ናት። ግን እሷንም ትንሽ ነካ የሚያደርጋት ይመስለኛል፤ ብቻዋን ታወራለች።»

«እሺ፣ እንመዘግበዋለን» አልኩ።

ባጃጇ ውስጥ እኔ «ንዳው! ንዳው!» እያልኩ የቶሎሳን ትከሻ እደበድባለሁ። «እትዬ፣ ባጃጅ ናት፣ አውሮፕላን አይደለችም» ይለኛል። ሲስተር መሠረት እጄን ያዘችኝ።

«እትዬ አስካለ፣ ደንቡን ያውቁታል። የራስ ዘመድ ሲሆን ሱፐርቫይዘር አይገባም።»

«አውቃለሁ።»

«ስልኬን ከፍቼ እይዘዋለሁ። ከታች ሆነው ይስሙ።»

እሷ ወጣች። ቶሎሳ ደረጃው ላይ የተሰበሰበውን ጎረቤት «ሰርግ ነው እንዴ? ግቡ ወደየቤታችሁ!» እያለ ይበትናል። ሰላም የማይሉት በሮች ሁሉ ያን ቀን ተከፍተው ነበር። እኔ ሥር ቆሜ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ። ውሃው ይንሿሿል። ከውሃው በላይ የሲስተር ድምፅ ይመጣል፤

«ስሜ መሠረት ነው። ነርስ ነኝ። በሩን አልነካውም፤ እዚሁ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ቀሚሴም ራሰ።»

ደግሞ ውሃ።

«ምን ላድርግልሽ?»

«እናቴ እንዳትመጣ» አለች ልጄ።

«እሺ። አትመጣም። ለምን እንደሆነ ትነግሪኛለሽ?»

«ትፈራኛለች። ሲያመኝ ፊቷ ጅብ እንዳየች በግ ይሆናል። እኔ ጅብ አይደለሁም።»

እግሬን ወደ ደረጃው አንሥቼ ነበር። ልሮጥ፣ በሩን ልገንጥል፣ አልፈራሽም ብዬ ልጮኽ። ስንቷን እናት በስልክ «እባክዎ ትንሽ ራቅ ይበሉላት» ብያለሁ! እንዲህ እንደሚያቃጥል ማን ነገረኝ? እግሬን መለስኩና እዚያው መጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ከላይ የሚወርደው ውሃ ከሥሬ እያለፈ ጫማዬን አራሰው፤ አልተነሣሁም።

ስንት እንደቆየ አላውቅም። ውሃው ቆመ። የበር ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ።

ሲወርዱ ሰማኋቸውና ተነሣሁ። ግን ፊቴን ምን ላድርገው? ፊት እንደ ነጠላ ገልብጠው አይለብሱት። ትርሲት ከነውሃዋ የእትዬ ዘነበችን ጋቢ ተከናንባ ከፊቴ ቆመች። ሌላ ቃል ጠፋኝና የቢሮውን ተናገርኩ፤

«ስሜ አስካለ ነው። የቡድኑ ሱፐርቫይዘር ነኝ። ወደ ሆስፒታል አብሬ ብሄድ ትፈቅጃለሽ?»

አየችኝ። ከዚያ ወደ ሲስተር ዞራ «እያት እስቲ፣ ሥራ አክባሪ እኮ ናት!» አለች። ለእኔ ደግሞ «ግቢ። ግን ጥግ ያዢ» አለችኝ። ባጃጇ ውስጥ ገብቼ ጥግ ያዝኩ።

እትዬ ዘነበች ከኋላ እየወረዱ ኖሯል። «አስካለ? የቡድኑ ምን ነሽ?»

«አለቃ ነኝ፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ያ ነካ ያደርጋታል ያልኩት...»

«ተመዝግቧል።»

ልጄ ሆስፒታል ጥቂት ቀን ቆየች። ለካ መድኃኒቱን ያቆመችው ፋብሪካ ማሽኑ ፊት ስለሚያንጎላጃት ነው፤ ፎርማኑ ተቆጥቷት፣ ለእኔ እንዳትነግረኝ ደግሞ ያቺን ፊቴን ፈርታ። ዶክተሩ ቀየሩላት። እትዬ ዘነበች ልቀቁም አላሉኝ፣ ቆዩም አላሉኝ። የመታጠቢያ ቤቱን ቁልፍ ብቻ ነቅለው ወሰዱት። አሁን ሰው እንዳይገባብን ሁላችንም እየዘመርን ነው የምንታጠበው።

ባለፈው እሁድ የሻው ደወለ።

«ገብሱ አሸተ። መቼ ነው የምትመጡ?»

«እሷ ሥራ አላት፣ ፈቃድ አይሰጧትም።»

«አንቺ ነይ እንጂ። ትልቅ ልጅ አይደለች? ትተሻት ነይ።»

ትርሲት አልጋው ላይ ሆና ጥፍሯን እየቆረጠች ትሰማለች። «ሂጂ በቃ፣ ምን ያስፈራሻል?» አለችኝ። እሄዳለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። አልሄድም ልልም ከፈትኩ። ሁለቱም አልወጡ አሉኝ።

«የሻው፣ እስቲ ስልኩን ወደ ማሳው ያዘው» አልኩት።

«ለምን?»

«ነፋሱን ልስማው።»

«ወይ ጉድ! አንቺንም ጀመረሽ?» አለ፤ ያዘው ግን። ነፋሱ ገብሱ ውስጥ ሲገባ፣ ያ የእኛ አገር ሽውታ፣ በስልክ ውስጥ እንደ ቆርቆሮ እየተንኮሻኮሸ መጣ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ትርሲት መጥታ ጆሮዋን ከስልኩ ማዶ አስጠጋች፤ ግንባሯ ግንባሬን ነካው። ዓይኔን ስገልጥ ፊቴን እያየችው ነው። ትክ ብላ አየችው። ምን እንዳየችበት አልነገረችኝም።

«በቃችሁ? ካርዴን ጨረሳችሁት እኮ!» ይላል የሻው ከሩቅ።

«ትንሽ ቆይ፣ ጋሼ» አለችው ትርሲት።