አራተኛው ሶሌታ

የዚያን ቀን ጅማ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሳ ነበር። ሰኔ 2002 ዓ.ም. ነው። ያካፋል፣ ያባራል፣ እንደገና ያካፋል። ዙህራ የኮንዶሚኒየም ቤቷን ቁልፍ የተቀበለችው ያን ቀን ነው።

ሄርማታ ሰፈር የነበረው የቀበሌ ቤቷ ለመንገድ ከፈረሰ በኋላ ሁለት ዓመት ሰው ተጠግታ ኖራለች። ይሄው የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ሲሠራ እኔና እሷ አንድ ባሬላ እንይዝ ነበር፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ቃሬዛ በመሰለው እንጨት ላይ ኮንክሪት ሞልተን በአጣና መወጣጫ ሽቅብ እንወጣለን። መታጠፊያ ላይ ስንደርስ “ሱታ!” ትለኛለች፤ ቀስ በይ ማለቷ ነው። አንድ ቀን ዝናብ ያራሰው አጣና አዳልጧት ወደቀች። ጉልበቷ ከዚያ ወዲህ አልዳነም። ዕጣው ደግሞ አራተኛ ፎቅ አደረሳት።

እኔ ዕጣው አልወጣልኝም። ይሁን።

ምድር ቤት የደረሳት ሩት የምትባል አስተማሪ አብራን መጣች።

“እማማ ዙህራ፣ እንለዋወጥ። ሁለታችን ከፈረምን ይፈቀዳል ብለውኛል። በዚህ ጉልበት እንዴት ሊሆኑ ነው?”

“መጀመሪያ ልየው፤ ከዚያ እፈርማለሁ።”

ግድግዳ እየተደገፈች፣ ቆም እያለች ትንፋሿን እየሰበሰበች ወጣች። አንድ በር ላይ ስትደርስ “አልሐምዱሊላህ፣ ደረስን” አለችና ቁልፉን ከተተች። አልዞር አለ። ብታገላብጠውም እምቢ።

ሩት ሳቀች። “እማማ፣ ይሄ እኮ ሦስተኛ ነው! የሰው ቤት ሊሰብሩ ነው እንዴ?”

“የምን ሦስተኛ? ይሄ ጣሪያ አራተኛው ሶሌታ አይደል?” ወደ እኔ ዞረች። “አንቺ፣ ንገሪያት እንጂ!”

እውነቷን ነው፤ ለሩት አስረዳኋት። እኛ ሠራተኞቹ የምንቆጥረው በሶሌታ ነው፣ ከአናታችን በላይ በሞላነው የኮንክሪት ጣሪያ። ነዋሪ ግን እግሩ በቆመበት ይቆጥራል።

“የእናንተ ጣሪያ ከላይ ላለው ነዋሪ ወለል ነው” አለች ሩት።

“እንግዲያ የምኖረው አራተኛው ላይ ቆሜ ነው?” የዙህራ ድምፅ ዝቅ አለ። የወደቀችው አራተኛውን ስንሞላ ነው።

የቀረውን ደረጃ ወጣን፤ በሩ ተከፈተ። ባዶ ክፍል ነው፣ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል። ጫማዋን አወለቀች። ጎንበስ ብላ ወለሉን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ከዚያ መስኮቱን ከፈተች።

ጉሙ ተገልጧል። የሄርማታ ቆርቆሮዎች ከእግራችን ሥር ተነጥፈዋል፤ የመስጊዱ ሚናሬ ከእኛ አጥሮ ይታያል። በሰቃ መንገድ በኩል ዝናቡ ኮረብታውን እየጋረደ ይመጣል፤ እኛ ዘንድ ገና ጠብታ የለም።

“ሱብሃነላህ! ዝናብን ሁልጊዜ ከደረሰ በኋላ ነው የማውቀው፤ ሲመጣ አይቼው አላውቅም።” እጇን አገላብጣ አየችው። “ይሄን ሁሉ ኮንክሪት ሽቅብ ያወጣው ይሄ እጅ ነው?”

እኔ ብዙ ነገር አያስደንቀኝም። ያን ጊዜ ግን የራሴንም እጅ አገላብጬ አየሁት።

ሩት “እንፈርም ታዲያ?” አለች።

“ልጄ፣ ምድር ቤትሽን ያዢ። እኔ አልወርድም።”

“ጭራሽ?”

“ለገበያ እወርዳለሁ።”

ዙህራ ዛሬም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ሐሙስ ሐሙስ ለገበያ ትወርዳለች፤ ተመልሳ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል።